ቡአ ኦፕራሲዮን በተተከለ ኩላሊት ላይ፦ አዳማ ያየኋቸው ሁለት ሆስፒታሎች

ይሄን ለመጻፍ ሦስት ወር ጠብቄያለሁ። ቁስሉ ይድረቅ፣ የደም ምርመራው ይደጋገም፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ። ደርቋል። ተደጋግሟል። እንግዲህ ልናገር።

የሁለቱንም ሆስፒታል ስም አልጠራም። አንደኛውን ስለማማው፤ ሁለተኛውም ባመሰግነው እንኳ ሌሊት ላይ ሊያሳብደኝ ስለነበር። ደግሞ አዳማ ነው የምኖረው። ፍራንኮ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፤ ዛሬ ያማሁት ሐኪም ነገ የፍሬን ሸራ ሊገዛ ፊቴ ይቆማል። ስለዚህ "ስሙን በውስጥ ላክልኝ" አትበሉኝ፣ አልልክም። እንደኔ የሰው ኩላሊት ይዞ የሚዞር ሰው ቡአ ቢወጣበት ብሩን ምኑ ላይ እንደሚከፍል ይወቅ ብዬ ነው የምጽፈው።

ታሪኬ አጭር ነው። ኩላሊቶቼን የደም ግፊት ጨረሳቸው። በሳምንት ሦስቴ እጥበት ጀመርኩ። ጳውሎስ ሆስፒታል የንቅለ ተከላ ማዕከሉ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ወሬውን የሰማሁት የእጥበት ወንበር ላይ ተጋድሜ ነው። በ2010 ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ አንዱን ኩላሊቷን ሰጠችኝና እዚያው ተሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 2 ሰዓት መድኃኒት፣ ማታ 2 ሰዓት መድኃኒት፣ በየጊዜው አዲስ አበባ ለክትትል። ሌላው ኑሮዬ እንደ ሰው ነው። እትዬ ግን እስከ ዛሬ ስትደውል "አንተ እንዴት ነህ?" አትልም። "ኩላሊቴ እንዴት ነው?" ነው የምትለው።

ቡአው የመጣው ከባትሪ ነው። የከባድ መኪና ባትሪ። ልጁ ምሳ ሄዶ፣ ደንበኛው ቸኩሎ፣ እኔም እንደ ጎረምሳ ከመደርደሪያው ሥር ብድግ ሳደርገው ቀኝ ብሽሽቴ ላይ የሆነ ነገር ልቅቅ ሲል ተሰማኝ። አላመመኝም ማለት ይቻላል። ማታ ገላዬን ስታጠብ ሎሚ የምታህል እብጠት አየሁ። ስተኛ ትገባለች፣ ስቆም ትወጣለች፣ ሳስል ትገፋለች። ሁለት ወር ደበቅኳት። ባለቤቴ ያወቀችብኝ በአረማመዴ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሆስፒታል።

መስተንግዶው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምስት ኮከብ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል። በአዳማ ሙቀት ኤር ኮንዲሽነሩ የሚሠራ እንግዳ መቀበያ ማግኘት ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው። ካርድ አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ሐኪም ጋ ለመግባትም ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ሦስቱንም አነሳ። አልጋው ላይ አስተኝቶኝ፣ አስሎኝ፣ ብሽሽቴን በሁለት ጣት ጫን አደረገና "ቡአ ነው፣ ቀላል ነው" አለኝ። ከዚያ ጠባሳዬን አየ።

"አፔንዲክስ ተሠርተሃል እንዴ?"

ጠባሳዬ ከጎኔ ተነስቶ ወደ ብሽሽቴ የሚታጠፍ፣ ስንዝር የሚያልፍ ነው። ይሄ የአፔንዲክስ ከሆነ የበሬ አፔንዲክስ ነበረኝ ማለት ነው።

"ኩላሊት ነው ዶክተር። ንቅለ ተከላ።"

ቀና አለ። ለአፍታ ያሰበ መሰለኝ። "እሺ፣ ችግር የለውም" አለ። "ኩላሊት ከኋላ ነው፣ እኛ የምንሠራው ከፊት ነው።"

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ የዚህ ግምገማ ዋናው ነገር እዚች ዓረፍተ ነገር ላይ ነውና። እግዜር የሰጠን ኩላሊት እውነት ነው፣ ከኋላ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የተተከለ ግን እዚያ አይገባም። የድሮዎቹን ብዙ ጊዜ እዚያው ይተዋቸዋል። አዲሱ የሚቀመጠው ከፊት ለፊት፣ ከሆድ በታች፣ ከዳሌ አጥንት ውስጠኛው ጎን ነው፤ ደም ሥሩ ወደ እግር ከሚወርዱት ትልልቅ ደም ሥሮች ጋር ይሰፋል፣ የሽንት ቱቦውም ከፊኛ ጋር ይገጠማል። እጄን ሳሳርፍበት ይታወቀኛል። የእትዬ ኩላሊት እዚያ ጋ ነው፣ ከቆዳዬ ብዙም ሳይርቅ። ቡአዬ ደግሞ የወጣችው በዚያው በቀኝ በኩል፣ ከሥሩ። ሐኪሙ ከኋላ ነው ያለኝን ኩላሊት እጁ ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር።

ይሄ ብቻ አይደለም። ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ አዘዘልኝ። ኦፕራሲዮኑን ለከነገ ወዲያ ቀጠረልኝና "ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ና፣ መድኃኒትም እንዳትወስድ" አለኝ።

ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ለሌላ ሰው ተራ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል፣ ወገቤን አመመኝ ያለ ሁሉ ይውጠዋል። ለኛ ግን አይሆንም። እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። እኔ በቀን ሁለቴ የምወስደው ታክሮሊመስም የዚያው ዓይነት ጠባይ አለው። ሁለቱ ሲደራረቡ አንድ ኩላሊት ላይ ከሁለት ወገን ማነቂያ እንደማስገባት ነው። ጳውሎስ ከመውጣቴ በፊት ሲስተሯ ሦስቴ ያስደገመችኝ ትምህርት ይሄ ነው። "መድኃኒትም እንዳትወስድ" የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ታክሮሊመሱ የእትዬን ኩላሊት ሰውነቴ እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይበላው የሚያደርግ ነው። ጠዋት ተዘለለ፣ ኦፕራሲዮኑ ወደ ከሰዓት ተገፋ፣ ማታ አስታወከኝ እንበል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ባዶ ማለት ነው።

ምን አልኩት መሰላችሁ? "እሺ ዶክተር።" ከፍዬ ወጣሁ። በሱቄ ውስጥ ለአንድ ብሎን የምከራከር ሰውዬ ነጭ ጋውን ሳይ ምላሴ ይታሰራል። ውጭ ባጃጅ ላይ ሆኜ ነው ለእትዬ የደወልኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ኩላሊቴን ይዘህ ያገኘህበት ጓሮ ሁሉ አትግባ" አለችኝ። ማዘዣውን አልቀደድኩትም። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ለዚህኛው ሆስፒታል ከአምስት ሁለት። ሁለቱም ለኤር ኮንዲሽነሩ።

ከዚያ በኋላ፣ አልዋሽም፣ መተው አማረኝ። እብጠቷ አታምም፣ ሳወጣት ትወጣለች፣ ሳስገባት ትገባለች፣ ምን አስቸኮለኝ ብዬ። አክስቴ ከአርሲ ድረስ የሚቀባ ቅጠል ላከችልኝ፤ ቅጠሉን አመስግኜ አስቀመጥኩት። ቡአ በቅጠል እንደማይገባ አውቃለሁ፣ እኛ ደግሞ ምን እንዳለበት ያልታወቀ ነገር ከመድኃኒታችን ጋር እንዳንቀላቅል ተነግሮናል። ለክትትል አዲስ አበባ ስሄድ ግን ጠየቅኩ። መልሱን በኔ ቋንቋ ላስቀምጠው። ቡአ አንድ ቀን አንጀት ሊይዝና ሊያንቀው ይችላል። እብጠቱ ይጠጥራል፣ አልመለስ ይላል፣ ያማል፣ ያስታውካል፣ ፈስ እንኳ አይወጣም። ያኔ ኦፕራሲዮኑ የሚሠራው በዚያች ሌሊት፣ በዚያች ሌሊት ተረኛ በሆነው ሐኪም እጅ ነው። የእትዬን ኩላሊት ታሪክ ለማንበብ ጊዜ አይኖርም። እኛ ላይ ደግሞ አንድ ተንኮል አለ፦ መከላከያችንን ሆን ብለን በመድኃኒት ስላደከምነው፣ ሆድ ውስጥ ነገር ቢበላሽ እንኳ ትኩሳቱም ሕመሙም እንደ ሌላው ሰው ጎልቶ ላይታይ ይችላል። ሌላው ሰው ሲጮህ እኛ "ትንሽ ከበደኝ" ብለን እንቀመጣለን። ስለዚህ ጉዳዩ በቀን፣ በእቅድ፣ በሚያውቅ ሰው ይሠራ ተባለ። ደብዳቤ ተጻፈልኝ።

ሁለተኛውን ሆስፒታል የጠቆመችኝ እጥበት ላይ የነበረች የሰፈር ልጅ ናት። ከውጭ ሲያዩት አያስገባም። ወንበሮቹ ስፖንጃቸው ወጥቷል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ማራገቢያ ይዞራል እንጂ ማንንም አያራግብም። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የጠበቅኩት፣ በካርድ ቁጥር ሳይሆን በፊት መተዋወቅ የሚገቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ተናድጃለሁም። ከውስጥ ያገኘኋት ሐኪም ግን፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ጠየቀችኝ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፣ ከኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ "ጋሼ" ነው የምትለኝ። ሱሪዬን ዝቅ ከማድረጌ በፊት አርባ ደቂቃ ጠየቀችኝ። መቼ ተሠሩ? ማን ሰጠዎት? በየትኛው ጎን? ከንቅለ ተከላው በኋላ ሽንት አፍስሶ ያውቃል? ቁስሉ አመርቅዞ ነበር? የመጨረሻው ክሬቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ) ስንት ነው? ስኳር አለ? ያስልዎታል? ሲሸኑ ያምጣሉ? ሆድ ድርቀትስ? ሲጋራ? የመድኃኒቶቼን ስም መቁጠር ስጀምር አስቆመችኝና "ስማቸውን አይንገሩኝ ጋሼ፣ ማሸጊያውን ያምጡልኝ" አለች። ባለቤቴ ከቦርሳዋ አወጣችው። ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን፣ የግፊቱ። አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። ከነዚህ ሌላ ሲሮሊመስ የሚባል እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አልወስድም። የሚወስድ ካላችሁ ግን ተናገሩ፣ እሱ ቁስል እንዳይገጥም በጣም ስለሚያስቸግር ከኦፕራሲዮን በፊት የንቅለ ተከላ ሐኪሞቹ በሌላ ይቀይሩታል አለችኝ። በራስ አይቀየርም፣ በራስ አይቆምም።

ከዚያ የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጣ ሣለችልኝ። ባቄላ የመሰለች ኩላሊት፣ ከሥሯ ፊኛ፣ መሐል አንድ መስመር። "ይቺ የሽንት ቱቦዋ ናት" አለች። "ወንድ ላይ ስንተክል ወደ ቆለጥ በሚወርደው ገመድ ሥር ነው የምናሳልፋት። የእርስዎ ቡአ ደግሞ የወጣው በዚያ ገመድ መንገድ ነው።" እስክሪብቶዋን ሁለቱ መስመሮች የሚተላለፉበት ላይ ደጋግማ ስትነካው ወረቀቱ ተቀደደ።

እኔ የራዲያተር ጎማ ሻጭ ነኝ፣ ወዲያው ገባኝ። ቀበቶ ለመቀየር እጁን የሰደደ መካኒክ ከሥር የምታልፈውን ጎማ ካላወቃት ይበጥሳታል፣ መኪናውም እዚያው አይቆምም፣ መንገድ ላይ ነው የሚፈላው። የሽንት ቱቦዋም እንዲሁ ናት። ኦፕራሲዮን ላይ ሳይታወቅ ትቆረጣለች ወይ ትሰፋለች፣ ከዚያ ሽንት ሆድ ውስጥ ይፈስሳል ወይ መውጫ አጥቶ ኩላሊቱን ይነፋዋል። የባሰም አለ። አንዳንዴ ቱቦዋ ራሷ ቡአው ውስጥ ተስባ ትገባለች። ሰውየው ቡአ አለኝ ይላል፣ ክሬቲኒኑ ይወጣል፣ ሁሉም "ሰውነቱ ኩላሊቱን እየጣለው ነው" ብሎ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፣ ነገሩ ግን ብሽሽቱ ውስጥ የታጠፈ ቱቦ ነው። ለዚህ ነው አልትራሳውንድ ያዘዘችው። የቡአውን ለማየት ብቻ አይደለም፣ የተተከለው ኩላሊት ሽንት አቁሮ ማበጥ አለማበጡን ለማየትም ጭምር። የኔ አላበጠም ነበር። ተመስገን።

ስለ መረቡም አስረዳችኝ። ቡአ ሲሠራ ቀዳዳው ላይ ሜሽ የሚሉት የፕላስቲክ መረብ ይሰፋል፣ ቡአው እንዳይመለስ። መረብ ባዕድ ነገር ነው፣ ጀርም ከያዘው አይለቅም፣ መከላከያው የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ያ ይከብዳል፣ አንዳንዴ መልሶ እስከ ማውጣት ያደርሳል። ያለ መረብ ቢሰፋስ? ሊመለስ ይችላል፣ በተለይ ፕሬድኒሶሎን ሥጋውን ባሳሳው ሰው። ሁለቱንም ነገረችኝና "እኔ ብሆን መረቡን አደርጋለሁ፣ ንጽሕናውን ግን በደንብ እጠብቃለሁ" አለች። በካሜራ ይሠራልኝ፣ ቀዳዳው ትንሽ ነው ይባላል ብዬ ነበር። ሳቀች። በካሜራ ሲሠራ የሚገቡበት ቦታ ኩላሊቱ የተተከለበት ቦታ ነው፣ እዚያ ሁሉ ነገር ተጣብቋል፣ ስለዚህ የድሮውን፣ ከፊት ተከፍቶ የሚሠራውን እንመርጣለን አለች። በሌላ ሰው ላይ ካሜራው ሊሻል ይችላል። ማንም ሰው የኔን አንብቦ ለሐኪሙ እንዳያዝ።

እግረ መንገዴን፣ ክትትል ወረፋ ላይ የማውቀው አንድ የሐዋሳ ልጅ አለ። የሱ ቡአ ከብሽሽት አይደለም፣ በራሱ በንቅለ ተከላው ስፌት ላይ ነው የወጣው፣ ሸሚዙን ሲገልጥ ጎኑ ላይ ትንሽ ዳቦ የተቀመጠ ይመስላል። ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላ በጣም ወፈረ፣ ስኳሩም ወጣ፣ ቁስሉም ያኔ አመርቅዞ ነበር። ሦስቱም ለዚህ ያጋልጣሉ። እሱን "መጀመሪያ ኪሎ ቀንስ፣ ስኳርህን አስተካክል" ብለው መልሰውታል። ተናዶ ነበር። እኔ ግን አሁን ሳስበው ደህና ሐኪም ነው የገጠመው። ቆርጦ መስፋት ለነሱም ገቢ ነው፣ ቆይ የሚል ብር ያጣል።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ያደነቅኳት የሚቀጥለው ላይ ነው። ስልኳን አነሳችና እኔ ፊት አዲስ አበባ ክትትል የማደርግበት ክፍል ደወለች። ደብዳቤውን ይዤ ነበር እኮ። "ወረቀት ጥሩ ነው፣ ሰው ግን ይሻላል" አለች። የደሜን የታክሮሊመስ መጠን አስለክቼ እንድመጣ ተስማሙ። ይሄ ምርመራ የጠዋቱ መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት ነው የሚቀዳው፣ ስለዚህ በሌሊት ተነስቼ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ፍሬውን በኪሴ ይዤ፣ ተቀድቼ ወዲያው እዚያው ቆሜ ዋጥኩ። ለአንድ ቡአ ይሄ ሁሉ? ብሎ ወንድሜ ሳቀብኝ። የሳቀው ሁለቱም ኩላሊት ስላሉት ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን። ከሁሉ በፊት እኔን አስገቡኝ፣ ወረፋ እየጠበቅኩ ውሃ እንዳይጠማኝ። ውሃ ማነስም ሆነ የግፊት መውረድ ለዚህ ኩላሊት ጠላት ነው፤ ግሉኮስ ቀደም ብሎ ተሰቀለልኝ። መድኃኒቴን ልክ 2 ሰዓት ላይ በፕላስቲክ ክዳን በተለካ ውሃ ዋጥኩ። የወገብ መርፌ ነው የወሰድኩት፣ ከደረቴ በታች የራሴ አልነበርኩም። ሃይድሮኮርቲዞንም ወጉኝ። ለምን እንደሆነ የሰመመን ባለሙያው ነገረኝ፦ ፕሬድኒሶሎን ለዓመታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ በጭንቅ ጊዜ ራሱ የሚያመነጨውን ነገር ማመንጨት ይሰንፋል፣ ኦፕራሲዮን ላይ ግፊቱ ዝልፍ ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ይደጎማል። ከመቅደዳቸው በፊት አንቲባዮቲክ። ጄንታማይሲን እንዳይሆን ደግሞ በፋይሌ ላይ በቀይ ተጽፏል፣ እሱም ኩላሊት ይነካል። ፋይሌ በቀይ ጽሑፍ የትራፊክ ምልክት መስሎ ነበር።

ኦፕራሲዮኑ ራሱ? የምነግራችሁ የለኝም። መጋረጃ አየሁ፣ ብረት ሲጋጭ ሰማሁ፣ አንድ ጊዜ "ይቺን አየሃት?" ስትል ሰማሁ። ቱቦዋን ይሆናል። አልጠየቅኩም።

አሁን ሌሊቱ። እዚህ ጋ ነው ኮከብ የሚቀነሰው።

ማታ 4 ሰዓት ገደማ ወገቤ ሲለቅ ቁስሉ መወጋት ጀመረ። ተረኛ ሲስተር ትሪ ይዛ መጣች። ባለቤቴ አስታማሚ ናት፣ እግሬ ሥር በርጩማ ላይ። "ምንድን ነው ሲስተር?" አለቻት። "ማስታገሻ ነው እናቴ።" "ስሙ?" "ዳይክሎ።"

ባለቤቴ ተነስታ በእጇ መርፌውን ከለለችው። እኔ ብሆን "እሺ ሲስተር" ብዬ መቀመጫዬን አዞር ነበር፣ ራሴን አውቃለሁ። ሲስተሯ ተቆጣች፣ "ኦፕራሲዮን ያደረገ ሁሉ ነው የሚወጋው" አለች። ባለቤቴም "እሱ ሁሉ አይደለም" አለቻት። ፋይሉ መጣ። ቀዩ ጽሑፍ እዚያው ነበር፣ ሽፋኑ ላይ፣ ማንም ሳያነበው። ፓራሲታሞል በደም ሥር ተሰቀለልኝ፣ በቂም ነበር። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሌሊቱን አስራ ምናምን በሽተኛ ይዛ ትሯሯጣለች፣ መጥታም ይቅርታ ጠይቃናለች። ግን በአርባ ደቂቃ ጥያቄና በአዲስ አበባ ጉዞ የተጠበቀ ኩላሊት በአንድ ትሪ ሊበላሽ ነበር።

ከዚያ ንጋት ላይ ሌላዋ መጥታ የግፊት መለኪያውን በግራ እጄ ላይ ልትጠመጥም። ግራ እጄ ላይ ፊስቱላዬ አለ። የወሊዱ ፊስቱላ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ ለእጥበት ተብሎ ሁለት ደም ሥር የተገናኘበት ነው፣ ጆሮ ቢያስጠጉበት እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። አይጠመጠምበትም፣ አይወጋም። አንድ ቀን ይሄ ኩላሊት እምቢ ካለ መመለሻዬ እሱ ነው። አሁንማ ተምሬ ስለነበር እጄን ቀማኋት። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የፕላስተር ቁራጭ ላይ "አይነካም" ብላ ጽፋ ክንዴ ላይ ለጠፈችው። ይሄን ሥራ ሆስፒታሉ ነበር መሥራት ያለበት።

ሌላ ሰው ለዚህ ቡአ ከሰዓት ቤቱ ይገባል። እኔን ሁለት ሌሊት አሳደሩኝ፣ ጠዋት ጠዋት ክሬቲኒን ያያሉ፣ የሽንቴን መጠን በካርቶን ጥግ ላይ ይጽፋሉ። ከመግባቴ በፊት 1.2 ነበር፣ በማግስቱ 1.5 ሆነ፣ ላብ አሰመጠኝ። ፈሳሽ ጨመሩልኝ፣ አልትራሳውንዱ ተደገመ፣ ኩላሊቱ አላበጠም፣ በሦስተኛው ቀን 1.3፣ በሳምንቱ 1.2። እትዬ ቁጥሩን ስነግራት "አላስለመድኳትም እንዲህ" አለችኝ፣ ስለ ኩላሊቷ።

ቁስሉ ቀስ ብሎ ነው የደረቀው። ክሩ ለሌላው ሰው ከሚነሳበት ቀን አንድ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ተነሳ። አንድ ጥግ ላይ ቀላ ብሎ ጠል ነገር ያወጣ ነበር፣ ፎቶ አንስቼ ሳይሆን ራሴ ሄጄ አሳየኋት፣ ሳትሰለች አየችው፣ አጽድተው ሸፈኑት፣ ተወ። "ትንሽ ትኩሳት 37.8 ቢሆንም ይምጡ፣ 39 አይጠብቁ" ብላኝ ነበር። ሌላ አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ በራስዎ እንዳይገዙ ብላም አስጠንቅቃኛለች። ክላሪትሮማይሲን የታክሮሊመስን መጠን ሰማይ ያደርሰዋል፣ የፈንገስ መድኃኒቱ ፍሉኮናዞልም እንዲሁ፣ ሪፋምፒሲን ደግሞ ባዶ ያደርገዋል። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አላነሳሁም። ባትሪ አሁንም አላነሳም፣ ልጁ ምሳ ከሄደ ደንበኛው ይጠብቃል ወይ ራሱ ያነሳል።

ዋጋ። ከመጀመሪያው ሆስፒታል እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የበላኝ ምርመራው፣ አልጋውና ወዲያ ወዲህ ነው። ማስያዣ ከመግባታችሁ በፊት ይጠይቃሉ፣ ደረሰኙን ዝርዝር አስጽፉ፣ እኛ ላይ ያልተጠቀምነው አንድ ጓንት ካርቶን ተደምሮ ነበር፣ ስንጠይቅ ያለ ክርክር ቀነሱት። ሽንት ቤቱ ውሃ አለው፣ በቀን ሁለቴ ይታጠባል። ምግብ የላቸውም፣ ከቤት ነው፤ ሾርባውን ጨው አታብዙበት።

ሐኪሟ አምስት። የሰመመን ባለሙያው አምስት። ሌሊቱ ሁለት፣ እሱም ይቅርታ ስለጠየቁ። በድምሩ አራት እሰጠዋለሁ፣ ሊፍቱ ካልተሠራ በሚቀጥለው ሦስት ነው። የወንዶች ዋርድ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ "ለጊዜው አይሠራም" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፣ ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። በወጣሁ ቀን ስልሳ አራት ደረጃ ብሽሽቴን በእጄ ደግፌ ወረድኩ። ቆጠርኩት።